ስለ አሮጌ የማንበቢያ መብራቶች

በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ከአንድ አሮጌ ቤት ጓዳ ገብቶ ለፈለገ ሰው፥ አቧራ የለበሰ ፋኖስ ወይም ጥቀርሻ የጠገበች ኩራዝ ማግኘት ብዙ አይቸግረውም። እነዚህ ዕቃዎች እንደ ውዳቂ ቢቆጠሩም ታሪክ አላቸው። በውጭ አገር አሮጌ መብራት እየሰበሰቡ ዋጋውን የሚገምቱ ሰዎች አሉ። ግምቱ በምን እንደሚሠራና የእኛ ኩራዝ ከግምቱ ለምን እንደቀረች ለማስረዳት ይህን አቅርበናል።

ሰብሳቢዎች አብልጠው የሚወዱት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፥ ማለት ከ1837 እስከ 1901 እ.ኤ.አ. የተሠራውን ነው። ቪክቶሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 እ.ኤ.አ. ደብዳቤ የጻፉላቸው የእንግሊዝ ንግሥት ናቸው። በ1853 ኢግናሲ ሉካሴቪች የተባለ ፖላንዳዊ መድኃኒት ቀማሚ በልቮቭ ከተማ የላምባ መብራት ሠራ። ከስድስት ዓመት በኋላ በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ የነዳጅ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ከዚያ ወዲህ ላምባ ረከሰና መብራቱ ወደ ድኻው ቤት ወረደ። በ1863 ክሌማን የተባለ ጀርመናዊ የነዳጁን ዕቃ ከነበልባሉ አርቆ በጎን በማንጠልጠል፥ ጥላው በመጽሐፍ ላይ እንዳያርፍ አደረገ። ይህ ዓይነቱ «የተማሪ መብራት» ተባለ፤ ስሙ እኛን ደስ አሰኝቶናል። በ1865 ደግሞ የበርሚንግሃሙ ሂንክስ ሁለት ጠፍጣፋ ክሮች ጎን ለጎን የሚነዱበትን አወጣ።

ገማቹ እንግዲህ አስቀድሞ የሚያየው የክሩን መያዣ ነው። በክር ማዞሪያው ላይ የሠሪው ስም ተቀርጾ እንደ ሆነ ዘመኑ ከዚያ ይታወቃል። ቀጥሎ እግሩና የላምባው ማጠራቀሚያ አብረው የተሠሩ መሆናቸውን ይመረምራል፤ ከሁለት ከሦስት መብራት ተገጣጥሞ የቆመ ብዙ ነውና። ብርጭቆው ቶሎ ሰባሪ ስለ ሆነ ተለውጦ ቢገኝ አያስነቅፍም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ለማስገባት ናሱ ተበስቶ ከሆነ ግን ዋጋው ይወድቃል። ናሱን በአመድ ፈግፍጎ ማብረቅም ጉዳት ነው ይላሉ። እናቶቻችን ለበዓል የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ማን ይነቅፋቸዋል?

በአገራችን ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የውጭ ሸቀጥ ማስገባት ቀለለ። በመርካቶ የሚነግደውም ጉራጌ ለመስቀል ወይም ለአረፋ ወደ አገሩ ሲመለስ ፋኖስ ይዞ መግባቱ የተለመደ ነበር። ይሁን እንጂ ፋኖስ ለሁሉ አልደረሰም። አብዛኛው ተማሪ ያጠናው በኩራዝ ነው። ኩራዝን የሚሠራት ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው፤ በወተት ጣሳ ወይም በቀለም ጠርሙስ ላይ ክዳን ይገጥማል፥ ክዳኑን በስቶም የጥጥ ክር ያሾልክበታል። ብርጭቆ ስለሌላት ነፋስ ያጠፋታል፥ ጭሷም ዓይን ያቃጥላል። በእርሷ ሲያጠና ያመሸ ልጅ በማግሥቱ አፍንጫው ጠቁሮ ይታወቅ ነበር! በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም፥ በየገጠሩ ማታ ፊደል ከቆጠሩት ጎልማሶች ብዙዎቹ በዚህችው ብርሃን የቆጠሩ ናቸው።

በኩራዝ ላይ ግን የሠሪ ስም የለም፥ ዓመትም የለም። ስለዚህ በገማቹ ሚዛን ምንም አትመዝንም። እኛ ይህን ፍርድ አንቀበልም። በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲቋቋም፥ ስታኒስላው ኾይናትስኪ (እርሱም እንደ ሉካሴቪች ፖላንዳዊ ነው) ባደራጀው ሙዚየም የሕዝቡ የቤት ዕቃ ከሥዕልና ከመስቀል ጋራ ቦታ አግኝቷል። ኩራዝስ ለምን ታንሳለች?

አሁን በየቤቱ የኤሌክትሪክና የፀሐይ ኃይል መብራት እየገባ ነው፤ ጣሳውም ይዝጋል፥ የሠራውን የሚያውቁት ሽማግሌዎችም ያልፋሉ። ስለዚህ ኩራዝ ያገኘ ተማሪ ማን እንደ ሠራት፥ ከየትኛው ገበያ እንደ ተገዛች፥ በብርሃኗ ማን ምን እንዳነበበ ጠይቆ በወረቀት ይጻፍና በክር ይሰርላት። ጥቀርሻው በችኰላ አይታጠብ። ከሥሩ የጣሳው ጽሑፍ ገና የሚነበብ ከሆነ ወተቱ የየትኛው ፋብሪካ እንደ ነበረ ይናገራልና፥ የኩራዟን ዘመን ለመገመት ከዚያ መነሣት ይቻላል።