የሱልጣን ሁለት በትሮች

የዛሬው ባለታሪካችን ስሙ ሱልጣን ነው፤ ዙፋን ግን የለውም። ያለው የፍርግርግ ቤት፣ አንድ ሳጥን፣ ሁለት የቀርከሃ በትር፣ ከፍርግርጉ ውጭ ደግሞ እጁ የማይደርስበት ሙዝ ነው። ሱልጣን ቺምፓንዚ ነው። በእኛ ተረት ብልጧ ጦጣ ናት፤ ዛሬ ተራው የዘመዷ ይሁን።

ታሪኩ የሆነው በቴነሪፍ ነው፣ ከአፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ማዶ በአትላንቲክ ላይ ያለች የስፔን ደሴት። የፕሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ የቺምፓንዚ ማጥኛ ጣቢያ ያቆመው እዚያ ነበር። እንስሶቹ የመጡት ያን ጊዜ በጀርመን እጅ ከነበረችው ከካሜሩን ነው። በርሊን ቢወስዷቸው ብርዱ ይፈጃቸዋል፤ ደሴቲቱ ግን ሞቃት ናት፣ ለአውሮፓም አትርቅም።

በ1913 መጨረሻ (የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው) ቮልፍጋንግ ኮለር የሚባል የ26 ዓመት ጀርመናዊ ጣቢያውን ሊመራ ባለቤቱን ይዞ መጣ። የመጣው ብዙ ሊቆይ አልነበረም። ዓመት እንኳ ሳይሞላው ጦርነቱ ፈነዳ፤ ባሕሩን እንግሊዞች ያዙት፤ ለጀርመናዊ የመመለሻ መንገድ ጠፋ። እስከ 1920 እዚያው ከረመ። ኋላ ላይ «ሰላይ ነበር» የሚል መጽሐፍ ሁሉ ተጽፎበታል፤ እኔ ግን የስለላውን ወሬ ለወደደው ትቼ ወደ ሙዙ ልመለስ።

ከዚያ በፊት ግን ለአፍታ ኒው ዮርክ እንሻገር። በ1898 ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ወጣት የተራበች ድመት ርብራብ ሳጥን ውስጥ ይዘጋና ምግቧን ከደጅ ያስቀምጥ ነበር። ድመቷ ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች፣ ትንፈራገጣለች፤ በዚህ መሀል መዳፏ ገመዱን ወይም መወርወሪያውን ይነካና በሩ ወለል ይላል። በሌላ ጊዜ ስትገባ ጥቂት ትፈጥናለች፤ ከዚያ ወዲያም ሌላ ጥቂት። ቶርንዳይክ ደቂቃውን እየመዘገበ ፍርዱን ሰጠ፦ እንስሳ ነገር አይገባውም፤ ይሞክራል፣ ይስታል፣ የሠራለትን ይደግማል፣ አለቀ።

ኮለር ይህን ፍርድ አልወደደውም። ድመቷ መወርወሪያው ከበሩ ጋር እንዴት እንደተያያዘ ከውስጥ ሆና የምታይበት መንገድ የላትም። ሊቅ የተባለ ሰው እዚያ ቢዘጋበትስ ከመቧጨር ሌላ ምን ያደርግ ኖሯል? እንስሳው ያስተውል እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው በመጀመሪያ ነገሩን ሁሉ ፊቱ ዘርግቶ ማሳየት አለበት። ኮለርም እንዲያ አደረገ፤ ሙዙም፣ በትሩም፣ ሳጥኑም በግልጽ የሚታዩ ነበሩ።

አሁን ወደ ሱልጣን። በአንድ በትር ሙዝ መሳብ ለእሱ ድሮ የለመደው ሥራ ነው። በዚያን ቀን የተሰጡት ሁለት በትሮች ግን ለየብቻቸው አጫጭር ናቸው። አንደኛው ውስጡ ክፍት ነው፣ ሌላው ቀጠን ያለና በዚያ ቀዳዳ ሊገባ የሚችል። ሱልጣን በአንዱ ሞከረ፤ አልደረሰም። በሌላው ሞከረ፤ አልደረሰም። ሳጥኑን ጎትቶ ወደ ፍርግርጉ አመጣው፤ ምን ሊረዳው! መልሶ ገፋው። ቀጥሎ አንዱን በትር መሬት ላይ አስቀምጦ በሌላው እየገፋ፣ እየገፋ ከሙዙ ጋር አነካካው። ነካ! እንግዲህ ከእጁ እስከ ሙዙ በትር ተዘርግቷል፤ ግን የማይያያዝ በትር ምን ይስባል? ኮለር አዘነለት መሰለኝ፣ ጣቱን በበትሩ ቀዳዳ ውስጥ ከቶ አፍንጫው ሥር አሳየው። ሱልጣን ጉዳዬም አላለው። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ኮለር ተስፋ ቆረጠና ጠባቂውን አስቀምጦ ሄደ።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩን የምወደው። በሥነ ልቦና መጻሕፍት ሁሉ የሚተረከውን ያን ቅጽበት ኮለር አላየውም። ያየው ጠባቂው ነው።

ጠባቂው እንደነገረው፣ ሱልጣን ሙዙን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ጀርባውን ወደ ፍርግርጉ መለስ አድርጎ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለ። ተነሣና ሁለቱን በትሮች አነሣ፤ ተመልሶ ተቀመጠና እንዲሁ ይጫወትባቸው ጀመር። ሲጫወት አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ እጁ ሆነው ጫፍ ለጫፍ በአንድ መስመር ዋሉለት። ቀጭኑን በወፍራሙ ቀዳዳ ጥቂት ገፋ አደረገ። ከዚያማ ማን ይያዘው! ብድግ ብሎ ወደ ፍርግርጉ ሮጠ፤ በረዘመው በትር ሙዙን መሳብ ጀመረ። ጠባቂው ጌታውን ሲጠራ በትሮቹ ተለያዩ፤ ሱልጣን መልሶ ገጠማቸው። ኮለር የደረሰው ለዚህኛው ነው። ሱልጣን ለመብላት እንኳ ፋታ ሳይሰጥ ያለውን ፍሬ ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ፍርግርጉ ሰበሰበ። የሚበላው አልነበረም ያጎመዠው፣ ብልሃቱ ነው ብል አላጋነንኩም።

ኮለር ይህን በ1917 በጀርመንኛ አሳተመው፤ በ1925 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። በየቤቱ የሚነገረው «ማስተዋል» የሚለው ቃል የቤተ ሙከራ መጠሪያ ሆኖ የገነነው ከዚያ ወዲህ ነው። ኮለር ምልክት አወጣለት፦ መጀመሪያ ዝም ብሎ ዙሪያውን መቃኘት፣ ከዚያ ድንገት ሳይቋረጥ እስከ ግቡ የሚፈስ ሥራ፣ በማግስቱም ያለ ብዙ ማመንታት መድገም።

  

የበትሩ ክርክር ግን አልበረደም። በ1945 ኸርበርት በርች የሚባል ተመራማሪ በትር በደንብ ያልለመዱ ቺምፓንዚዎችን በትር ወደሚያስፈልገው ፈተና አቀረባቸው፤ አብዛኞቹ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ለጥቂት ቀን በትር ሰጥቶ እንደፈለጉ እንዲጫወቱ ተዋቸው። ተመልሰው ሲመጡ ፈተናው ቀለላቸው። ሌላው ተመራማሪ ፖል ሺለር ደግሞ ቺምፓንዚዎች ሙዝ በሌለበትም በትር በበትር ውስጥ እየሰኩ እንደሚጫወቱ አሳየ። በ1984 ሮበርት ኤፕስታይንና ባልደረቦቹ ርግብ አሠለጠኑ፤ ሳጥን መግፋት ለብቻ፣ ሳጥን ላይ ወጥቶ ትንሽ የሙዝ አምሳያ በመንቁር መንካት ለብቻ። ሙዙን ከፍ አድርገው ሰቅለው ሳጥኑን ራቅ ሲያደርጉት ርግቧ አንዴ ወደ ሙዙ፣ አንዴ ወደ ሳጥኑ እያየች ግራ ተጋባች፤ ከዚያ ሳጥኑን ገፍታ አመጣችና ወጥታ ነካችው።

አንዳንዱ ይህን ሰምቶ «እንግዲያ የሱልጣን ብልሃት ወሬ ነው» ይላል። እኔ እዚያ አልሄድም። ከቶርንዳይክ ድመት ጋር ያለው ልዩነት እንዳለ ነው፤ ሱልጣን ሁለቱ በትሮች አንድ ሲሆኑ ወዲያው ሮጧል፣ ለምን እንደሚረዝሙለት ማንም አልነገረውም። የተለማመደ እጅ እንደነበረው ግን እቀበላለሁ። ኮለር ራሱ ያልደበቀውን፣ የሱልጣንን መጫወትና መሰላቸት፣ አንባቢው ነው እየዘለለ ያሳጠረበት።

ሌላም ቀን አለ። ሱልጣን አንድ ባዶ ቀርከሃና አንድ ጠፍጣፋ እንጨት ተሰጠው፤ እንጨቱ በቀዳዳው አይገባም። ቁጭ ብሎ ጫፉን በጥርሱ እየላጠ አቀጠነው። ሰካው፤ አልገባም። ደግሞ ላጠ፤ ደግሞ ለካ። ሲገባለት ሄዶ ሙዙን አወጣ።