ከምጣድ ማሟሻ እስከ ናይትሮ ሞተር፦ የጉሎ ዘይት ጉዞ

ደብረ ማርቆስ ወይም አካባቢዋ ያደጋችሁ ከሆነ ጉሎን ታውቁታላችሁ። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ ቅጠሉ እንደ እጅ ጣት የተከፋፈለው ተክል ነው። እናቶቻችን እንጀራው እንዳይያዝ አዲስ ምጣድ የሚያሟሹት በፍሬው ነው። ምጣዱ ሲግል ዘይቱ ሸክላው ላይ ይጋገርና ስስ ሽፋን ይሆናል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ቆይተን እንመለስባታለን።

ጉሎ የምሥራቅ አፍሪካ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን የጎበኘው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ አገራችንን ከሰብሎች መነሻ ማዕከላት አንዷ ሲያደርጋት፣ ጉሎን ከጤፍና ከኑግ ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ አስፍሮታል። ጥንታውያን ግብፃውያን ደግሞ ዘይቱን ለመብራት ተጠቅመውበታል።

ታዲያ ሞተር ውስጥ እንዴት ገባ? በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ አውሮፕላኖች ሲሊንደሮቹ ራሳቸው የሚሽከረከሩ ሞተሮች ነበሯቸው። ቤንዚኑ በሞተሩ ሆድ ዕቃ በኩል ስለሚያልፍ ተራውን የማዕድን ዘይት አጥቦ ይወስደዋል። ጉሎ ግን ከቤንዚን ጋር በቀላሉ አይዋሃድም፤ ብረቱ ላይ ይቀራል። በ1909 የወጣው «ካስትሮል» የተባለው ዘይትም ስሙን ያገኘው ከጉሎ የእንግሊዝኛ መጠሪያ ነው።

ጦርነቱ አልቆ እነዚያ ሞተሮች ሲጠፉ ጉሎ ሌላ ቤት አገኘ። በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ሬይ አርደን ለትንንሽ ሞተሮች «ግሎው ፕለግ»ን አስተዋወቀ። እንደ ካንዴላ ብልጭታ አይሰጥም፤ የፕላቲኒየም ሽቦው ከሜታኖል ጋር ሲገናኝ ግሎ ይቆያል። ዛሬ በሪሞት የሚነዱ መኪኖች ናይትሮ ሞተር የሚሠራው በዚሁ ነው። ነዳጁ ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት ተቀላቅለውበት ነው። ለብቻው የሚጠራቀም የሞተር ዘይት ስለሌለ ዘይቱ ከነዳጁ ጋር መሟሟት አለበት። ከቤንዚን ጋር የማይስማማው ጉሎ ደግሞ ከሜታኖል ጋር በደንብ ይስማማል! ምክንያቱ አብዛኛው የጉሎ ዘይት የተሠራበት ሪሲኖሌይክ አሲድ፣ እንደ አልኮል ሁሉ ሃይድሮክሲል የተባለውን ቡድን መያዙ ነው።

አሁን ወደ ጎጃም ከፍታ እንምጣ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየር ካነሰ ጉልበት ያንሳል። አንድ ኪሎ ቤንዚን ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ሜታኖል 6.4፣ ናይትሮሜቴን 1.7 ብቻ። ናይትሮሜቴን የራሱን ኦክስጅን ይዞ ስለሚመጣ የጎደለውን ጉልበት በከፊል ይክሳል።

አደጋው ግን እዚህ ጋ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የካርቡራተሩን መርፌ ጠበብ ታደርጉና ነዳጁን ትቀንሳላችሁ። ሞተሩን እንደዚያው ይዛችሁ ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ብትወርዱ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል፤ አየሩም ይወፍራል። መርፌውን ካልከፈታችሁት ነዳጁ ያንሳል። ነዳጁ ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል! ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይፋጫል፣ ሲብስም ተጣብቆ ይቆማል።

ጉሎ የሚታደገው ይሄኔ ነው። ሰው ሠራሽ ዘይት ንጹሕ ነው፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ይቃጠላል። ጉሎ ሲግል ሞለኪውሎቹ እየተያያዙ ብረቱ ላይ ሽፋን ይሠራሉ፤ ልክ ምጣዱ ላይ እንዳየነው። ዋጋም አለው፦ ሽፋኑ ሲበዛ ፒስተኑን ያቆሽሻል። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች ሁለቱን የሚቀላቅሏቸው።

ሁለት ምክር ልጨምር። ሜታኖል ውሃ ይስባል፤ ስለዚህ ነዳጅ ውስጡ ትታችሁ አታሳድሩት፣ ኩሽኔታው ይዝጋል። ደግሞም የጓሮ ጉሎ ጨምቃችሁ ሞተር ውስጥ አትጨምሩ፤ ለሞተር የሚሆነው ተጣርቶ የተዘጋጀው ነው። ፍሬው ራይሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ ስላለው ልጆች እንዳያኝኩት ጠብቁ።

እናቶቻችን የሪሲኖሌይክ አሲድን ስም አልሰሙም። ጉሎ እሳት ላይ ምን እንደሚሆን ግን መሐንዲሶቹ ሳይደርሱበት ያውቁ ነበር።