እሾህ ነው ወይስ ስብራት? የተጎዱ ኮከቦችን በርካሽ የሚወስዱ የቤዝቦል ቡድኖች ታሪክ



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ቤዝቦል ነው። «ደግሞ ቤዝቦል ምናችን ነው?» እንደምትሉ እናውቃለን። እውነት ነው፣ እዚህ አገር ልጆቻችን ካዱርሬገልና ካዱርሳል እንጂ ቤዝቦል ብዙም አይጫወቱም። ቢሆንም እስራኤል በ2021 ቶኪዮ ላይ በተደረገው ኦሎምፒክ በቤዝቦል ከተወዳደሩት ስድስት አገሮች አንዷ ነበረች። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ጨዋታው በአጭሩ እንዲህ ነው። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ሊመታው ይሞክራል። ወርዋሪው ጎበዝ ከሆነ ተቃራኒው ቡድን ኳሷን ማግኘት ያቅተዋል። ስለዚህ የጎበዝ ወርዋሪ ክንድ ትልቅ ገንዘብ ነው። ክንድ ግን ይደክማል፣ ጅማቱም ይበጠሳል። እኛን የሳበን ክንዱ ከተጎዳ በኋላ ያለው ታሪክ ነው።

አባቶቻችን ገበያ ወጥተው በሬ ሲገዙ ታስታውሳላችሁ አይደል? የሚያነክስ በሬ ሲመጣ ብዙው ሰው ፊቱን ያዞራል፣ ዋጋውም ይወድቃል። አዋቂ ገዢ ግን ጎንበስ ይልና እግሩን አንስቶ ሰኮናውን ያያል። እሾህ ነው ወይስ ስብራት? እሾህ ከሆነ ጥሩ በሬ በግማሽ ዋጋ ይዞ ይሄዳል። ስብራት ከሆነ ገንዘቡን በላው ማለት ነው። የአሜሪካ ቤዝቦል ቡድኖችም ይህንኑ ጥያቄ ሲጠይቁ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

መጀመሪያ ሳቸል ፔጅን እናንሳ። በእሱ ዘመን ጥቁር ሰው በትልቁ ሊግ ከነጮች ጋር እንዲጫወት አይፈቀድለትም ነበር። ጥቁሮች የራሳቸው ሊጎች ነበሯቸው፤ በነዚያ ሊጎች ደግሞ ከፔጅ የሚበልጥ ስም ያለው ወርዋሪ አልነበረም። በ1938 ሜክሲኮ ሄዶ ሲጫወት ክንዱ ታመመበት። ኳስ መወርወር ቀርቶ ክንዱን ማንሳት አስቸገረው። ዕድሜው 32 ዓመት ነበር። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» እንደምንለው፣ ብዙው ሰው አበቃለት አለ።

የካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ቡድን ባለቤት ጄ. ኤል. ዊልኪንሰን ግን ወሰደው። ወደ ዋናው ቡድን አላስገባውም፤ ከከተማ ከተማ እየዞረ በሚጫወተው ሁለተኛው ቡድን መደበው። ዊልኪንሰን ደግ ሰው ብቻ ሳይሆን ነጋዴም ነበር። የፔጅን ስም የሰማ ሁሉ ትኬት ገዝቶ ይመጣል። ፔጅ አንዳንዴ ቀስ አድርጎ ይወረውራል፣ አንዳንዴ ሌላ ቦታ ይቆማል፤ ሕዝቡም አይቶት ይሄዳል። እንዲህ ሲል በ1939 ክንዱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙ። በ1942 ሞናርክስ የጥቁሮቹን ሊጎች የመጨረሻ ውድድር ሲያሸንፍ ፔጅ ከዋነኞቹ ወርዋሪዎች አንዱ ነበር። ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 ትልቁን ሊግ ለጥቁሮች ከከፈተ በኋላ፣ በ1948 ክሊቭላንድ ፔጅን አስፈረመው። 42 ዓመቱ ነበር! ስድስት አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸነፈ፤ ቡድኑም የዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። ዊልኪንሰን ለዚህ ሰው ብዙ ገንዘብ አልሰጠውም። የሰጠው ጊዜ ነው፣ ደግሞም በስሙ እንጀራውን እየበላ የሚቆይበት ቦታ።

እንዲህ ያለው ነገር ግን ለብዙ ዘመን የተለመደ አልነበረም፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛው ሕጉ ነው። በቀድሞው ሕግ ተጫዋች ውሉ ቢያልቅም ቡድኑ ካልለቀቀው በቀር ወደ ሌላ መሄድ አይችልም ነበር። በታኅሣሥ 1975 ፒተር ሳይትዝ የሚባል የሥራ ክርክር ዳኛ ያን ማሰሪያ ፈታው። ከዚያ ወዲህ ተጫዋች ነጻ ሆኖ ወደፈለገው ቡድን መሄድ ጀመረ፣ ደሞዝም ወደ ላይ ወጣ። ሀብታም ቡድን ጤነኛውን ኮከብ በውድ ገዛ። ገንዘብ ያነሰው ደግሞ የሚያነክሰውን ማየት ጀመረ።

ሁለተኛው ሕክምናው ነው። በ1974 የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወርዋሪ ቶሚ ጆን የግራ ክርኑ ጅማት ተበጠሰ። እስከዚያ ድረስ ይህ የሙያው መጨረሻ ነበር። ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቀኝ እጁ ጅማት አውጥቶ ግራ ክርኑ ላይ ተከለለት። እንዲህ ያለ ኒቱዋሕ በቤዝቦል ወርዋሪ ላይ ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር፤ ሐኪሙ ራሱ የተስፋውን መጠን ከመቶ አንድ ብሎ ገምቶት ነበር። ቶሚ ጆን 1975ን ሙሉ አልተጫወተም፣ በ1976 ተመለሰ። ከቀዶ ጥገናው በፊት 124 ጊዜ አሸንፎ ነበር፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ 164 ጊዜ አሸነፈ። በ46 ዓመቱ ነው ያቆመው። ዛሬ ያ ቀዶ ጥገና በስሙ ይጠራል። እንግዲህ ትናንት ስብራት የነበረው ዛሬ እሾህ ሆነ ማለት ነው። ቡድኖችም ይህን አይተው ሒሳባቸውን ቀየሩ።

ውሉ እንዴት እንደሆነ ደግሞ እንንገራችሁ፣ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነውና። ለተጎዳው ኮከብ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት የታችኛው ሊግ ውል ነው። ውድድሩ ሳይጀምር ወደ ልምምድ ይጠሩትና ያዩታል። ከበቃ ዋናው ቡድን ይገባል፣ የተስማሙበትን ደሞዝም ያገኛል። ብዙ ከተጫወተ ጭማሪ አለው። ካልበቃ «አመሰግናለሁ፣ በደህና ሂድ» ነው። ቡድኑ ቢከስር የሚከስረው ጥቂት ነው። ተጫዋቹ ግን ክንዱንና የቀረውን ዕድሜውን አስይዞ ነው የሚገባው።

በ2002 የኦክላንድ አትሌቲክስ ቡድን ለተጫዋቾቹ ሁሉ በዓመት የሚከፍለው 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የኒው ዮርክ ያንኪስ ግን ከ120 ሚሊዮን በላይ ይከፍላል። ያንኪስ የኦክላንድን ትልቅ መቺ ጄሰን ጂያምቢን በሰባት ዓመት 120 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። ኦክላንድ ስኮት ሃተበርግን አመጣ። እሱ እንደ ጂያምቢ ኮከብ አልነበረም፤ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚይዝ ተጫዋች ነበር። የክርኑ ነርቭ ተጎድቶ ኳስ መወርወር ስላቃተው በዚያ ቦታ አልፈለጉትም። ኦክላንዶች ግን «ክንዱ ቢሄድ ዓይኑ አለ» አሉ። መጥፎ ኳስ ለይቶ የሚተው ትዕግሥተኛ መቺ ነበር። ብዙ መወርወር የማይጠይቅ ቦታ ላይ አቆሙት። በመስከረም 4 ቀን 2002፣ ቡድኑ 20ኛ ተከታታይ ድሉን ያገኘው በሃተበርግ የመጨረሻ ምት ነው።

በዚያው ዓመት የቶሮንቶው ክሪስ ካርፐንተር ትከሻው ተጎዳ። በ1993 ቡድኑ በመጀመሪያው ዙር ምርጫ የወሰደው፣ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ወርዋሪ ነበር። ከጉዳቱ በኋላ ከዋናው ስም ዝርዝር አወጡት። ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ወሰደው። 2003ን ሙሉ ለዋናው ቡድን አንዲት ኳስ አልወረወረም፣ እነሱ ግን አልለቀቁትም። በ2004 አሥራ አምስት ጊዜ አሸነፈ። በ2005 ለሊጉ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ። በ2007 ደግሞ ክርኑ ተጎድቶ ሁለት ዓመት ያህል ባከነ፤ እንደገና ተነሣ። ካርዲናልስ በ2006ም በ2011ም ሻምፒዮን ሲሆን እሱ አለበት። የ2011ን የመጨረሻ ጨዋታ ጀምሮ ያሸነፈው እሱ ነው።

ወገኖቻችን፣ እስካሁን የነገርናችሁ የተሳካላቸውን ብቻ ነው። ይህን ብቻ ብንነግራችሁ ዋሽተናል። በ2009 ቦስተን ሬድ ሶክስ የትከሻ ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ጆን ስሞልትዝን በ5.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ስሞልትዝ የዘመኑ ታላቅ ሰው ነበር። ስምንት ጊዜ አስጀመሩት፤ ሁለት አሸንፎ አምስት ተሸነፈ፣ ነሐሴ ላይ ተለያዩ። ለሀብታም ቡድን 5.5 ሚሊዮን ብዙ አይደለም። ለአንድ ታላቅ ሰው ግን በሕዝብ ፊት መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ ልባችንን የነካው ማርክ ፕራየር ነው። በ2003 ለቺካጎ ከብስ ሲጫወት አሥራ ስምንት አሸንፎ ስድስት ብቻ ተሸነፈ። ገና ወጣት ነበር። ከዚያ ጉዳት በጉዳት ላይ ሆነበት። በትልቁ ሊግ የመጨረሻ ጨዋታውን በ2006 ሲጫወት 25 ዓመቱ ነበር። ሳን ዲዬጎ ፓድሬስ ለ2008 በአንድ ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው፤ አንድም ጨዋታ አልተጫወተላቸውም። ሌሎች ቡድኖችም ሞከሩት። እሱም ሰባት ዓመት ያህል ሞከረ፣ ክንዱ ግን አልተመለሰም። በ2013 መጨረሻ አቆመ።

ፓድሬስ ግን ከዚያ በኋላ ሥራ ሰጠው፤ ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመረ። በ2020 የዶጀርስ የወርዋሪዎች ዋና አሠልጣኝ ሆነ። ቡድኑ በ2020ም በ2024ም ሻምፒዮን ሆኗል። ራሱ መወርወር ያቃተው ሰው የሌሎችን ክንድ እንዲጠብቅና እንዲያሠለጥን ተሾመ። ክንድ ምን ጊዜ እንደሚታመም፣ ሰው ምን ጊዜ ሕመሙን እንደሚደብቅ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል?

ሰው በሬ አይደለም፤ የበሬው ነገር የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው። በሬ ስብራት ካለበት ገበሬው ምንም ማድረግ አይችልም። ሰው ግን አንዱ ነገሩ ቢሰበር ሌላ ነገር ይቀረዋል፤ ለፔጅ ስሙ፣ ለሃተበርግ ዓይኑ፣ ለፕራየር እውቀቱ። ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሲገኝ ነው የሚታየው። ቡድኖቹ ይህን ያደረጉት ለትርፍ ነው፣ ቅዱሳን አይደሉም። ቢሆንም ፊታቸውን ካዞሩት ይልቅ ጎንበስ ብለው ያዩት አተረፉ።

እኛም በሥራችን «ከእንግዲህ አይሠራም፣ አበቃለት» የሚባል አባት ሲያጋጥመን፣ መጀመሪያ የምንጠይቀው የቀረውን ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? አበቃለት ተብሎ የተነሣ ሰው ታውቃላችሁ? ከታች ጻፉልን፤ መጻፍ ለሚከብዳቸው ደግሞ ልጆች ያንብቡላቸው፣ የሚሉትንም ይጻፉላቸው።

ሻሎም ሁኑ።