የፋሲል ግቢና አሥራ ሁለቱ በሮቹ

ከአዲ አርቃይ ተነሥቶ ወደ ጐንደር የሚሄድ መንገደኛ፥ ዛሪማን ካለፈ በኋላ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ አቀበት ወጥቶ ደባርቅ ይደርሳል፤ ከዚያም በዳባት በኩል አድርጎ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጐንደር ይገባል። እኛም በመንግሥት ሥራ ምክንያት በዚህ መንገድ ብዙ ዘመን ተመላልሰናል። ደብዳቤ ይዘን ሄደን ፊርማ ይዘን ተመልሰናል፤ ነገር ግን በፋሲል ግንብ ሥር ስናልፍ እንዳይመሽብን እየሠጋን ከመቸኰል በቀር፥ ቀና ብለን ያየነው ጊዜ ጥቂት ነው። በቅርቡ ግን የምንፈልጋቸው ኃላፊ ከቢሮአቸው ስላልነበሩ «ከሰዓት በኋላ ተመለሱ» ተባልንና፥ ጊዜ ስለ ተረፈን ወደ ግቢው ገባን። ደጅ ጠንቶ የተመለሰ ባለጉዳይ የሚሰማውን ስሜት በልባችን እንደ ያዝን ስለ ገባን፥ ከሕንጻዎቹ አስቀድሞ ዐይናችን ያረፈው በበሮቹ ላይ ሆነ። ይህንን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው ነው።

እንደሚታወቀው ጐንደር የመንግሥት መናገሻ ሆና የተቈረቈረችው በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን፥ በ1628 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙ መቶ ዓመታት ነገሥታቱ ድንኳን ተክለው ይሰፍሩ፥ እንጨቱና ቀለቡ ሲያልቅም ድንኳኑን ነቅለው ወደ ሌላ አገር ይሄዱ ነበር። እርግጥ ነው፥ ከፋሲለደስ አስቀድሞ በእንፍራዝ አጠገብ በጉዛራ፥ በጣና ዳር በጎርጎራ፥ እንዲሁም በደንቀዝ ግንብ ተሠርቶ ነበር፤ ሆኖም ከእነዚህ አንዱም ጸንቶ የመንግሥት ከተማ ለመሆን አልበቃም። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው የመናገሻዋ ስም በ«ገ» ቤት ፊደል የሚጀምር ይሆናል የሚል ትንቢት ስለ ነበረ፥ ጉዛራም ጎርጎራም ተሞክረው በመጨረሻ ጐንደር ተገኘች።

አፈ ታሪኩ እንዲህ ቢልም የዘመኑ ሁኔታ ሌላ ምክንያት ያመለክተናል። የፋሲለደስ አባት ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል በማዘዛቸው አገሩ እርስ በርሱ ተዋጋ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ሕዝቡን ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለቀቁ። ስለዚህ ፋሲለደስ የተረከቡት የቈሰለ አገር ነበር። የቈሰለ አገር ደግሞ ዳኛውን የት እንደሚያገኘው ማወቅ ይፈልጋል። በድንኳን የሚዞር መንግሥት ባለጉዳዩን ከኋላው ያስከትላል፤ በድንጋይ የጸና መንግሥት ግን ባለጉዳዩ በታወቀ ቦታ መጥቶ ያገኘዋል። የፋሲል ግንብ ከውበቱ ሌላ ይህንን ጥቅም ሰጥቷል ብለን እናምናለን።

ስለ ግንበኞቹም አንድ ቃል መናገር ይገባል። ከሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ ከህንድ የመጡ ግንበኞች እንደ ነበሩ ይነገራል፤ ከአገር ልጆችም የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች በሥራው ከፍ ያለ ድርሻ ነበራቸው። ቤተ እስራኤል በሰሜን ተራሮች ላይ የራሳቸው አለቆች ነበሯቸው፤ ከሱስንዮስ ጋር ባደረጉት ጦርነት ግን ድል ሆኑ፥ ርስታቸውንም አጡ። እንግዲህ መሬት ያጣ ሰው በእጁ ጥበብ የአሸናፊዎቹን ከተማ ገነባ ማለት ነው። የሰሜን ሰው በጐንደር ግንብ ፊት ሲቆም የነገሥታቱን ስም ብቻ ሳይሆን ይህንንም ቢያስታውስ መልካም ነው።

የግቢው ቅጥር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ሲሆን አሥራ ሁለት በሮች አሉት። ጐብኚ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቅጥሩን በውጭ በኩል ዞሮ በሮቹን ቢቈጥር፥ የጥንቱን መንግሥት አሠራር እንደ መጽሐፍ ያነባል። ጃን ተከል በር ወይም ፊት በር የሚባለው ወደ አደባባዩ የሚያወጣው ነው፤ በዚያ የሚገኘው የጃን ተከል ዋርካም እስከ ዛሬ የታወቀ ነው። ወምበር በር የዳኞች በር ነው፤ በዚያ ዘመን የበላይ ዳኞች «ወምበር» ይባሉ ነበርና። ባልደራስ በር የፈረሰኞች አለቃ፥ እምቢልታ በር የሙዚቀኞች፥ ተዝካሮ በር የተዝካር፥ አደናግር በር የፈታዮች፥ ግምጃ ቤት ማርያም በር በስሟ የምትጠራው ቤተ ክርስቲያን በር ነው። ቋሊ በርና እርግብ በር የሚባሉም አሉ። ከዚህ እንደምንረዳው ዳኛው፥ ወታደሩ፥ ካህኑ፥ ሙዚቀኛውና ጥጥ የምትፈትለው ሴት ሁሉ በሥራቸው በር ነበራቸው። በዛሬው አነጋገር እያንዳንዱ በር አንድ የመሥሪያ ቤት ክፍል ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

ወደ ውስጥ ስንገባ በመጀመሪያ የሚቀበለን የዐፄ ፋሲለደስ ግንብ ነው። ጥቁር ቡናማ ድንጋይ በኖራ ተያይዞ የተሠራ፥ የበሮቹና የመስኮቶቹ ቅስት ቀላ ባለ ድንጋይ የተዋበ ሕንጻ ነው። በአራቱ ማዕዘን ጉልላት ያላቸው አራት ክብ ማማዎች ቆመዋል፤ በላዩም አራት ማዕዘን የሆነ ረጅም ግንብ አለ፤ የዚህም ቁመት 32 ሜትር ያህል ነው። ሰማዩ ጠርቶ እንደ ሆነ ከላይኛው ሰገነት ላይ ጣና ይታያል። ከዚህ ቀጥሎ ከ1660 ዓ.ም. ጀምሮ የነገሡት የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍትና የጽሕፈት ቤታቸው ሕንጻ ይገኛሉ። ትልቁ የዐፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ዛሬ ጣራው የለም፤ በ1696 ዓ.ም. ገደማ የመሬት መናወጥ፥ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ጐድቶታል። የዐፄ ዳዊት የመዝሙር አዳራሽ፥ የዐፄ በካፋ የግብር አዳራሽና የፈረሶች ጋጣ፥ በመጨረሻም በመስቀል ቅርጾች ያጌጠው የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ እየተከታተሉ ይታያሉ። ከፋሲለደስ እስከ ምንትዋብ አንድ መቶ ዓመት ያህል አልፏል፤ እያንዳንዱም ንጉሥ የአባቱን ቤት ሳያፈርስ በአጠገቡ የራሱን ሠርቷል። ይህም ራሱ ትምህርት ነው።

ይሁን እንጂ የግቢውን ነፍስ የምናገኘው በሕንጻዎቹ መካከል ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ነው። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ በ1762 ዓ.ም. ከምጽዋ መጥቶ፥ ተከዜን ተሻግሮ፥ ይህንኑ የእኛን የሊማሊሞ አቀበት በብዙ ድካም ወጥቶ፥ በደባርቅ በኩል ጐንደር ገባ። ጽፎ ባቈየው መጽሐፍ እንደሚነግረን፥ ባለጉዳዮች ከማለዳ እስከ ማታ በንጉሡ በርና መስኮት ሥር ቆመው «ጃንሆይ ፍረዱልን» እያሉ ይጮኹ ነበር። ከዚህም የሚያስደንቀው፥ እውነተኛ ተበዳይ በታጣ ጊዜ እንደ ተበደለ ሰው ሆነው የሚጮኹ ሰዎች ተዘጋጅተው በዚያ ይቆሙ ነበር፤ ምክንያቱም ቤተ መንግሥቱ ጭር ብሎ ንጉሡ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ነው። ብሩስ ይህን ልማድ እንደ እንግዳ ነገር ቈጥሮታል። እኛ ግን ከበስተጀርባው አንድ አሳብ እናያለን፤ ይኸውም ጩኸት የማይሰማበት የመንግሥት ደጅ ጤነኛ ደጅ አይደለም የሚል ነው።

በችሎቱም የነበረው ሥርዐት ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ነገር በዙፋን ችሎት በሚታይበት ጊዜ ፍርድ መስጠት የሚጀምረው በማዕርግ ትንሹ ነበር፤ ከዚያም በየተራ ወደ ትልቁ እየሄደ የመጨረሻው ቃል የንጉሡ ይሆናል። ትልቁ አስቀድሞ ቢናገር ትንሹ አሳቡን በፍርሃት እንደሚለውጥ አባቶቻችን ያውቁ ነበር። «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት በሚነገርበት አገር፥ ይህ ሥርዐት የትንሹን ዳኛ አፍ ለመክፈት የተበጀ ዘዴ ነበር። ዛሬ በየስብሰባው አለቃ አስቀድሞ ተናግሮ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ሲል የሚሰማውን ዝምታ ያየ ሰው፥ የአባቶቻችንን ዘዴ ብልኅነት በቀላሉ ይረዳል።

ነገር ግን ታሪክን ስንጽፍ የሚያስደስተንን ብቻ መርጠን መጻፍ አይገባንም። ብሩስ ጐንደር በገባበት ጊዜ የግቢው ኃይል ከውስጡ አልቆ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገድለዋል፤ ከዚያም በኋላ እስከ 1847 ዓ.ም. ዘመነ መሳፍንት ሆኖ መሳፍንቱ እንደ ፈቀዱ ንጉሥ ሲያወጡና ሲያወርዱ ኖሩ። እንግዲህ ብሩስ በሰማው ጊዜ በሩም ነበረ፥ ጩኸቱም ነበረ፥ የሚጮኸውም ሰው በሥርዐቱ መሠረት ቆሞ ነበር፤ የሚፈርደው ሥልጣን ግን ከመስኮቱ በስተኋላ አልነበረም። የሥርዐት ቅርፊቱ ሳይፈርስ ፍሬው ባዶ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አናገኝም።

የዚህ ዘመን ፍጻሜ የመጣው ከእኛ ከሰሜን ነው። ደጃዝማች ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩትን ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል ነሡ፤ ውቤ ራሳቸው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ዘውዱ በጐንደር ግንብ ሳይሆን በሰሜን ደጋ መጫኑ፥ የጐንደር ዘመን ማለፉን ያሳያል። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማይቱን አቃጠሉ፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አጠፉ። ከዚህ ጥፋት የተረፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ ሕዝቡ የንብ መንጋ ወጥቶ ጠላትን እንዳባረረ ይናገራል። ጣሪያው ላይ ረድፍ በረድፍ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ትልልቅ ዐይኖቻቸውን ገልጠው ዛሬም ወደ ታች ይመለከታሉ።

ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በጥገናውም ታሪክ ውስጥ አንድ ትምህርት አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የፈረሰውን በሲሚንቶ ለመጠገን ተሞክሮ ነበር፤ ሲሚንቶው ግን ከጥንቱ ግንብ ጋር የማይስማማ ሆነ። በኋላ፥ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በተደረገው ጥገና ባለሙያዎቹ ወደ ጥንቱ ኖራ ተመለሱ። የቈየን ነገር ለማደስ የፈለገ ሰው አስቀድሞ በምን እንደ ተሠራ መመርመር አለበት ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ጐንደር የሚሄድ አስተማሪ፥ ተማሪ ወይም ሹም ምን ይይ፥ ምንስ ያድርግ ቢባል ምክራችን ይህ ነው። ማለዳ ተነሥቶ ቅጥሩን በውጭ ይዙር፤ በሮቹን በየስማቸው ይጠይቅ። ገብቶም ከፋሲለደስ ግንብ እስከ ምንትዋብ ግንብ በዘመናቸው ተራ ይመልከት። ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይውጣ፤ እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሩት ወደ ቍስቋምም ይሂድ። ጥር 10 እና 11 ቀን የደረሰ እንደ ሆነ፥ ከቀሐ ወንዝ ውሃ ተጠልፎ በሚሞላው በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ታቦታቱ ሲያድሩና ማለዳ ውሃው ሲባረክ ሕዝቡ የሚያደርገውን እልልታ ይስማ። አስተማሪም ተማሪዎቹን ይዞ ቢሄድ፥ የነገሥታቱን ስም ከማስጠናት ይልቅ «ይህ በር የማን ነበር?» እያለ ቢጠይቃቸው የበለጠ ያተርፋሉ።

እኛ በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጉዳያችን ተፈጽሞልን በማግሥቱ ወደ አዲ አርቃይ ተመለስን። ቢሮ ስንደርስ ከዛሪማ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ በደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘን። የመሬት ጉዳይ ነበራቸው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜም «ነገ ይምጡ» ብለን የመለስናቸው እኛው ነን። «አባቴ፥ ለምን ገብተው አልጠየቁም?» ብንላቸው፥ «ልጆቼ፥ መጮኽ ነውር እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው» አሉን። መዝገባቸውን አውጥተን ስናየው የጐደለው አንድ ፊርማ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከእኛው ክፍል የሚሰጥ ነው። በዚያው ሰዓት ፈርመን ሰጠናቸው፤ መርቀውንም ሄዱ።

የጐንደር ነገሥታት ደጃቸው ጭር እንዳይል የሚጮኽ ሰው እስከ ማዘጋጀት ደርሰው ነበር። በእኛ ደጅ ግን እውነተኛው ባለጉዳይ ድምፁን ውጦ ይቀመጣል፤ እኛም ጸጥታውን እንደ ሥራ መቃናት እንቈጥረዋለን። የመሥሪያ ቤታችን በር አንድ ብቻ ናት፤ ግንቧም የኖራ ቅብ ያላት የጭቃ ግድግዳ ናት። ቢሆንም ሰው በእርሷ ገብቶ ፍርድ ካገኘባት፥ ከወምበር በር የምታንስበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ከአሥራ ሁለቱ በሮች የተማርነውን በአንዲቱ በራችን እንድንሠራበት እግዚአብሔር ይርዳን እንላለን።