ሰሙ ከኢሉባቦር፣ ሙያው ከየት?

ስለ ፊልም ሞዴል ሥራና ስለ ዲጂታል ኢፌክት ትምህርት ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው ኮምፒውተር ነው። ፈጣን ማሽን፣ ጥሩ ሶፍትዌርና የማይቋረጥ መብራት ካለ ትምህርቱ አለ፤ ከሌለ የለም ይባላል። በዚህ ስሌት ከሄድን የኢሉባቦሮቹ መቱ፣ ጎሬ፣ በደሌና ዳሪሙ ገና ከጅምሩ ከሙያው ውጪ ናቸው፤ ፊልም መሥራት የሚፈልግ የኢሉባቦር ልጅም ያለው ምርጫ አዲስ አበባ መግባት ብቻ ነው። ይህ አነጋገር ግን ታሪኩን ከወገቡ ይጀምራል። የኢፌክት ሙያ ከእጅ ሥራ ተወልዶ ዛሬም በእጅ ሥራ ዕውቀት የሚኖር ሙያ ነው። ስለዚህ ይህን ሙያ የሚያስተምር ኮሌጅ የትም ይከፈት የት፣ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት በሰም፣ በጭቃ፣ በእንጨትና በጀሶ መጀመር አለበት። ለዚህ ክርክር ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከኢሉባቦር የንግድ ታሪክ መነሣት ይቻላል።

ኢሉባቦር ለውጭ ገበያ ያቀረበችው ቡና ብቻ አልነበረም። በ1894 ዓ.ም በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል በባሮ ወንዝ ላይ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከተፈቀደ በኋላ ጋምቤላ የምዕራቡ በር ሆነች፤ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ የነበረችው ጎሬ ደግሞ ዋናዋ የንግድ ከተማ። ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱና ሰሙ ከደጋው ወደ ጋምቤላ ይወርድና ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። የሰሙ ምንጭ በጫካው ዛፎች ላይ የሚሰቀለው ባህላዊ ቀፎ ነው። ማሩ ተጥሎ ጠጅ ሲሆን ሰፈፉ ይቀራል፤ ሰፈፉ በውኃ ይፈላል፣ በጨርቅ ይጠለላል፣ ሲበርድ ቢጫ ሰም ሆኖ ይረጋል። ይህ ሰም ከአገር የሚወጣው በጥሬው ነበር፤ ቅርጽ የሚይዘውና ዋጋ የሚያወጣው ሌላ አገር ከደረሰ በኋላ ነው።

ሰም ለሞዴል ሠሪ ምን እንደሚጠቅም ለመረዳት የጥንቱን የነሐስ መስቀል አሠራር ማየት ይበቃል። አንጥረኛው መስቀሉን አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ ሐረጉንም ጌጡንም የሚያወጣው ሰሙ ላይ ነው። ከዚያ በለሰለሰ ጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው ደርቆ እሳት ሲነካው ሰሙ በተተወለት ቀዳዳ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶ በቀረው ቦታ የቀለጠው ነሐስ ይፈስሳል። በመጨረሻ ጭቃው ይሰበርና መስቀሉ ይገኛል። ፎርማው ስለተሰበረ ሁለተኛ መስቀል ያማረው ሌላ ሰም መቅረጽ አለበት። የሞዴል ሥራ ዋና ሐሳቦች እዚህ ውስጥ ተሟልተው ይገኛሉ፦ ሥራውን በርካሽና በሚታዘዝ ቁስ መጀመር፣ ስሕተትን እዚያው ላይ ማረም፣ ከዚያም ቅርጹን ሳያጎድሉ ወደ ሌላ ቁስ ማሻገር። በኮምፒውተር ላይ ሞዴል የሚሠራ ወጣትም ይህንኑ ያደርጋል፤ የተለወጠው ቅርጹ የሚሻገርበት ቁስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ይህ ሁሉ ውዳሴ ባለሙያው የኖረበትን ውርደት ይሸፍናል የሚል ነው። እውነት ነው። ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ በብዙው የአገራችን ክፍል ተንቀው ኖረዋል፤ በምዕራቡ ኦሮሞ ማኅበረሰብም አንጥረኛው ቱምቱ እየተባለ ከጋብቻ ይገለል ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው እየሰደቡ ማዋረድን የሚያወግዝ አዋጅ ማስነገራቸው የችግሩን ጥልቀት ያሳያል። ይህ ታሪክ ግን ክርክሩን አያፈርሰውም፤ ኮሌጅ ለምን እንዳስፈለገ ይነግረናል እንጂ። ዕውቀቱ በዘር ተወስኖ፣ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ሲያልፍና በስድብ ታጅቦ ሲኖር ሊሰፋ አልቻለም። ትምህርት ቤት ሲገባ ግን የእጅ ሥራ ማንም ሊማረው የሚችል ሙያ ሆነ።

ይህ የሆነው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ነው። በ1923 ዓ.ም ለዘውድ በዓል በአዲስ አበባ የቆመው የይሁዳ አንበሳ የፈረንሳዊው የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ነበር፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተሠራውን የየካቲት 12 ሐውልትም የቀረጹት ዩጎዝላቮቹ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። ቀጥሎ ግን በቺካጎ አርት ኢንስቲትዩት የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ከሥዕሉ ጎን ቅርጻ ቅርጽ የትምህርት ዘርፍ ሆነ። በእንግሊዝ አገር ምህንድስና እንዲማሩ ተልከው ወደ ጥበብ የዞሩት አፈወርቅ ተክሌም በሐረር የራስ መኮንንን የፈረስ ላይ ሐውልት ሠሩ፤ ለአፍሪካ አዳራሽ የነደፉት 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የመስታወት ሥራም ከትንሽ ንድፍ ተነሥቶ ነው ወደ ግድግዳው ያደገው። አነስተኛውን ሠርቶ ትልቁን ማውጣት፣ የሞዴል ሠሪ መሠረታዊ ብልሃት፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከውጭ ከሚገዛ ሥራ የአገር ልጅ የሚማረው ትምህርት ሆነ።

የስክሪኑ ታሪክም በዚሁ መንገድ ሄዷል። በአዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹን ሲኒማዎች ሕዝቡ ሰይጣን ቤት ይላቸው ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሲጀምር የልጆቹ ፕሮግራም የቆመው በአባባ ተስፋዬ ድምፅና እጅ ላይ እንጂ በቴክኒክ ብልጫ ላይ አልነበረም። ከአርባ ዓመት በኋላ ብሩክታዊት ጥጋቡና ሼን ኤትዘንሃውዘር «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ሲጀምሩ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ከጨርቅ የተሠራች፣ በእጅ የምትንቀሳቀስ የቀጭኔ አሻንጉሊት ነበረች። በኋላ «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን የካርቱን ተከታታይ ያወጣውም የእነርሱ ድርጅት ነው። አሻንጉሊቷን ማንቀሳቀስ የቻለ እጅ፣ ልጅ በየትኛው እንቅስቃሴ እንደሚስቅና በየትኛው እንደሚያዝን ያወቀ ዓይን ነው ወደ ዲጂታሉ የተሻገረው። በውጭ አገር የሚኖረው ሰዓሊ ዕዝራ ውቤም «ሂሳብ» የተሰኘውን አጭር አኒሜሽን የሠራው በአንድ ሸራ ላይ ደጋግሞ እየሳለና እያንዳንዱን ለውጥ ፎቶ እያነሣ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዓለም የፊልም ኢንዱስትሪ ይመጣል፦ ኮምፒውተር ሞዴል ሠሪውን ከሥራ አስወጥቶታል፣ ታዲያ ለምን ያለፈበትን እናስተምራለን? እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ጁራሲክ ፓርክ» ሲሠራ ይህ ፍርሃት እውነት መስሎ ነበር። አሻንጉሊት ዳይኖሰሮችን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሰ እንዲቀርጽ የተቀጠረው ፊል ቲፔት ሥራው ለኮምፒውተር ተሰጠበት። ነገር ግን ፕሮግራመሮቹ እንስሳ ክብደቱን ከእግር ወደ እግር እንዴት እንደሚያዛውር አያውቁም ነበር፤ ያን የሚያውቁት የቲፔት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ሴንሰር የተገጠመለት የብረት አጽም ተሠራ፤ አኒሜተሩ አጽሙን በእጁ ሲያንቀሳቅስ ኮምፒውተሩ ይመዘግባል። ቲፔትም የዳይኖሰሮቹ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሥራው ላይ ቆየ። በዚያው ፊልም ዳይኖሰሮቹ ከሚታዩበት ጊዜ አብላጫውን የያዙት የስታን ዊንስተን ወርክሾፕ የሠራቸው ግዙፍ ሞዴሎች ነበሩ። በ«የቀለበቶቹ ጌታ» ፊልም የሚናስ ቲሪት ከተማ በ1፡72 ልኬት ተሠርቶ ነው የተቀረጸው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ብሌድ ረነር 2049»ም የወደፊቱን ሎስ አንጀለስ ከፊሉን በጥቃቅን ሕንፃዎች ነው ያሳየው። ኮምፒውተሩ ብርሃን በግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ሊያሰላ ይችላል፤ ስሌቱ እውነት መምሰል አለመምሰሉን የሚፈርደው ግን ግድግዳ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። የአገራችን ፊልም በጀቱ ትንሽ ነው፣ የሚናስ ቲሪትን ዓይነት ከተማ የሚያሠራ ፕሮዲዩሰር የለም ይባላል። ይህ እውነት ቢሆንም መደምደሚያው ተገልብጧል። በጀት ባነሰ ቁጥር በካርቶን፣ በሽቦና በጀሶ የሚሠራ ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ጥሩ ሶፍትዌር ያለ ጥሩ ማሽን አይሄድም፣ ጥሩ ማሽን ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ሥራውም ከፊልም ብቻ አይመጣም። አርክቴክቱ ለደንበኛው ማኬት ያሠራል፤ ማስታወቂያ ቤቱ፣ ቴአትር ቤቱ ሞዴል ይፈልጋል። በየካቲት 2016 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ የመሳሰሉ ሙዚየሞች በሐውልትና በቅርጻ ቅርጽ የሚናገሩ ናቸው። በእጁም በስክሪንም የሚሠራ ምሩቅ እነዚህን ሁሉ በሮች ማንኳኳት ይችላል፤ ሶፍትዌር ብቻ የተማረው ግን አንዱን በር ይዞ ይቀራል።

ወደ ኢሉባቦር ስንመለስ የጎሬ ንግድ ያስተማረው ነገር ግልጽ ነው። አካባቢው ቁሱን ላከ፣ ሙያውን ግን አላቋቋመም፤ የንግዱ መንገድ ሲዞርና የጋምቤላ ገበያ ሲቀዘቅዝ የቀረለት ሥራ አልነበረም። ዛሬ ሶፍትዌር ገዝቶ፣ ማሽን አስገብቶ፣ ተማሪውን ያለ እጅ ሥራ ስክሪን ፊት ማስቀመጥ ያንኑ ስሕተት በተገላቢጦሽ መድገም ነው። ያኔ ጥሬ ዕቃ ወጣ፣ አሁን ያለቀ ምስል ይገባል፤ በመካከል መቆም የነበረበት ሙያ በሁለቱም ጊዜ የለም። መቱ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከፍተኛ ትምህርት ኢሉባቦር ደርሷል፤ ሰሙ፣ እንጨቱና ጭቃው ቀድሞም እዚያው ነበሩ። እንዲህ ዓይነት ትምህርት አንድ ቀን በመቱ ቢከፈት የኮምፒውተር ክፍሉ እስኪሟላ መጠበቅ የለበትም። ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት ሊማር የሚገባው ነገር በእጁ ነውና።