የኮርንዋል ታሪካዊ ካርታዎችና የቦታ ስሞች

የኮርንዋል ታሪካዊ ካርታዎችና የቦታ ስሞች በታላቋ ብሪታንያ ደሴት ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ለሚኖረው ለኮርን ሕዝብ ማንነት ዋና መገለጫ ከሆኑት መካከል ናቸው። ኮርንዋል (በኮርንኛ፦ ከርኖው) በአስተዳደር የእንግሊዝ ክፍል ነው፤ ሆኖም ከተወላጆቹ በርካቶቹ ራሳቸውን ከእንግሊዞች የተለየ የኬልት ሕዝብ አድርገው ይቆጥራሉ። ኮርንኛ ከዌልስኛና ከብረቶንኛ ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው ቋንቋ ሲሆን፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የማኅበረሰብ መነጋገሪያ መሆኑ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ቋንቋው በሰፊው የቆየው በመንደር፣ በኮረብታና በወደብ ስሞች ነው።

የአገሩ ስም

«ከርኖው» የሚለው ስም «ቀንድ» ከሚል ጥንታዊ ቃል እንደ መጣ ይታመናል፤ ይህም ወደ ባሕር የሾለውን የምድሩን ቅርጽ ያመለክታል። እንግሊዞች በዚህ ላይ በቋንቋቸው «ባዕዳን» ማለት የነበረውን ቃል ጨምረው «ኮርንዋል» አሉት። የዌልስም የእንግሊዝኛ ስም ከዚሁ ቃል የመጣ ነው። በላቲን የተጻፉ ካርታዎችና መጻሕፍት አገሩን «ኮርኑቢያ» ይሉታል።

የቦታ ስሞች አሠራር

ሪቻርድ ካሩ በ1602 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኮርንዋል መግለጫ፣ የኮርን ሰው በስሙ ውስጥ ባሉት «ትሬ»፣ «ፖል» እና «ፔን» እንደሚታወቅ የሚናገር አባባል መዝግቧል። የቤተሰብ ስሞች ብዙ ጊዜ ከቦታ ስሞች ስለሚወሰዱ፣ እነዚህ ቃላት በሰውም በመንደርም ስም ይገኛሉ። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• ትሬ፦ የእርሻ መንደር፣ መኖሪያ
• ፖል፦ ኩሬ
• ፔን፦ ራስ፣ ጫፍ
• ፖርዝ፦ ወደብ
• ላን፦ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር
• ቦስ፦ መኖሪያ ቤት
• ዊል፦ የማዕድን ማውጫ

ለምሳሌ ፔንዛንስ «ቅዱስ ራስ ምድር»፣ ቦድሚን «የመነኮሳት መኖሪያ» ማለት ነው። ሴንት አይቭስ የተባለችው ከተማ በኮርንኛ ፖርዝ ኢያ ትባላለች፤ ትርጉሙም «የቅድስት ኢያ ወደብ» ነው።

አንዳንድ ስሞች በእንግሊዝኛ ጆሮ ሲሰሙ ያሳስታሉ። በሬድሩዝ ስም «ሬድ» የሚለው እንደ እንግሊዝኛው «ቀይ» ሳይሆን «የወንዝ መሻገሪያ» ማለት ነው፤ «ቀይ» የሚለው ትርጉም ያለው በሁለተኛው ክፍል፣ በ«ሩዝ» ነው። በፔንዛንስ የሚገኘው የማርኬት ጁ ጎዳና ስምም «የአይሁድ ገበያ» ይመስላል፤ ምንጩ ግን «የሐሙስ ገበያ» የሚለው የኮርንኛ ሐረግ ነው።

ስሞችና የቋንቋው ማፈግፈግ

ኮርንኛ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቀስ በቀስ አፈግፍጓል። ይህ ጉዞ በስሞች ላይ ይነበባል። «የጫካ ጫፍ» የሚል ትርጉም ያለው ስም በምሥራቅ «ፔንክዊት»፣ በምዕራብ ደግሞ «ፔንኩስ» ሆኖ ይገኛል። ምሥራቁ እንግሊዝኛን ቀድሞ ስለ ተቀበለ ስሙ በጥንታዊ አነጋገሩ ቀረ፤ በምዕራብ ግን ቋንቋው በሕይወት ስለ ቆየ የቃሉ መጨረሻ ከ«ት» ወደ «ስ» ተለወጠ። በሰሜን ምሥራቅ ጥግ አብዛኞቹ የመንደር ስሞች እንግሊዝኛ ናቸው።

ታሪካዊ ካርታዎች

በ1300 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠራው የሄረፎርድ የዓለም ካርታ ኮርንዋልን ለብቻው በስም ያሳያል። ጣሊያናዊው የታሪክ ጸሐፊ ፖሊዶር ቨርጂል በ1534 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ብሪታንያ የእንግሊዞች፣ የስኮቶች፣ የዌልሶችና የኮርኖች ተብላ በአራት እንደምትከፈል ጽፏል።

ክሪስቶፈር ሳክስተን በ1576 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ካርታ ግን ኮርንዋልን ከእንግሊዝና ከዌልስ አውራጃዎች እንደ አንዱ አቀረበው። ጆን ስፒድም በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ጆኤል ጋስኮይን በ1699 እ.ኤ.አ. ያወጣው ትልቅ ካርታ ትንንሽ መንደሮችን በብዛት ስለያዘ፣ ለስም ጥናት ጠቃሚ ምንጭ ነው። ይሁን እንጂ ካርታ ሠሪዎች ስሞቹን የጻፉት በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ነበር፤ የተዛባ አጻጻፍም ከታተመ በኋላ እየጸና ሄዷል።

የኮርን ብሔርተኞች የድሮዎቹን ካርታዎች የአገራቸው ልዩነት ማስረጃ አድርገው ይጠቅሷቸዋል። በካርታ ላይ ለብቻ መጠራት ግን ብቻውን የፖለቲካ ነጻነትን አያረጋግጥም፤ ካርታ ሠሪዎች አንዱ ከሌላው ይገለብጡ ነበርና። ካርታዎቹ በርግጠኝነት የሚያሳዩት፣ የዘመኑ ምሁራን ኮርንዋልን የራሱ ስም ያለው ምድር አድርገው ማየታቸውን ነው።

በዘመናችን

ሄንሪ ጄነር በ1904 እ.ኤ.አ. የኮርንኛ መማሪያ መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ ቋንቋውን የማነቃቃት ሥራ ቀጥሏል። የብሪታንያ መንግሥት ኮርንኛን በ2002 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ የአናሳ ቋንቋዎች ቻርተር መሠረት አወቀ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. አንድ ወጥ አጻጻፍ ጸደቀ። ከዚያም የኮርንዋል ምክር ቤት የመንገድ ስም ሰሌዳዎችን በሁለት ቋንቋ መጻፍ ጀመረ። ለዚህ ሥራ ባለሙያዎች የጥንት ሰነዶችንና ካርታዎችን እያመሳከሩ የስሞቹን ኮርንኛ መልክ ይወስናሉ። በዚህ ሥራ አከራካሪው ነጥብ በሰነድ የተገኘው አጻጻፍ ይጠበቅ ወይስ በአዲሱ ሥርዓት ይስተካከል የሚለው ነው።

የድንበር ጉዳይም ስሜት ይቀሰቅሳል። ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኮርንዋል ወሰን ሆኖ የቆየው የቴማር ወንዝ ነው። በ2010ዎቹ ከወንዙ ወዲያና ወዲህ ያሉ ቦታዎችን በአንድ የምርጫ ክልል ለማጠቃለል የቀረበው ዕቅድ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ሳይፈጸም ቀርቷል። በ2014 እ.ኤ.አ. መንግሥት ኮርኖችን እንደ ብሔራዊ አናሳ ሕዝብ እውቅና ሰጥቷቸዋል።