ርካሹ ቤትና የሚናደው ገደል

ጌታ ኢየሱስ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ስለ ሁለት ቤት ሠሪዎች ተናግሯል። ይህን ምሳሌ ስንሰብክ በአሸዋ ላይ የሠራውን ሰው ብዙ ጊዜ እንስቅበታለን። የምሥራቅ እንግሊዝን የባሕር ጠረፍ ታሪክ ያወቀ ግን ለመሳቅ አይቸኩልም። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሰሜን ባሕር ዳር፣ በሰፎክ አውራጃ፣ ዳኒች የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በመካከለኛው ዘመን መርከቦች የሚገቡባት፣ በርካታ አብያተ ክርስቲያናት የነበሯት የወደብ ከተማ ነበረች። ነገር ግን የቆመችበት ገደል ዐለት አልነበረም፤ ልል አሸዋና ጠጠር ነበር። ማዕበል ከግርጌ ሲበላው ከላይ ያለው ይናዳል። በ1286 ከባድ ማዕበል ከተማዋን ጎዳት። በ1328 ሌላ ማዕበል የወደቡን መግቢያ በጠጠር ደፈነው። ወደቡ ሲዘጋ ንግዱ ሄደ፤ ባሕሩም ቤት በቤት መብላቱን ቀጠለ።

የሚያስገርመው፣ ከተማዋ አብዛኛዋ ባሕር ከገባች በኋላም እስከ 1832 ድረስ ሁለት እንደራሴዎችን ወደ ፓርላማ ትልክ ነበር። ወረቀቱ ከመሬቱ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ነበረው!

የቅዱሳን ሁሉ የተባለው ቤተ ክርስቲያኗም አልተረፈም። በ1904 የገደሉ አፋፍ ደረሰው፤ ግንቡም በ1919 ወደቀ። ከመቃብሩ ስፍራ የሰው አጽም በገደሉ ላይ ይታይ ነበር። ያን ቤት የሠሩት ሰዎች የሚጸልዩ ሰዎች ነበሩ። ሲሠሩትም ባሕሩ ሩቅ ነበር።

ከዳኒች ወደ ሰሜን፣ በኖርፎክ አውራጃ፣ ሄይዝብራ የምትባል መንደር ዛሬም ይህንኑ ታያለች። ከ1953ቱ ታላቅ ጎርፍ በኋላ የእንጨት መከላከያ ተሠራላት። በ1990ዎቹ መከላከያው ሲፈርስ ገደሉ ፈጥኖ ተናደ፤ ቤቶችም ወደቁ። እንዲህ ባለ ስፍራ ባንክ በአብዛኛው አያበድርም፤ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ መናድን አይሸፍንም፤ ቤቱ ለወደቀበትም መንግሥት ካሳ የመክፈል ሕጋዊ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ የቤቱ ዋጋ ይወድቃል። በሌላ ቦታ ቤት የመግዛት አቅም የሌለው ሰው ጥሬ ገንዘቡን ይዞ ይመጣል። ርካሽነቱ ስጦታ አይደለም፤ የጎደለው ዕድሜ ዋጋ ነው።

ስሌቱም ያታልላል። ገዢው ከገደሉ አፋፍ እስከ በሩ ያለውን ርቀት ለክቶ፣ ባሕሩ በዓመት በአማካይ ለሚወስደው ያካፍላል። ገደል ግን በአማካይ አይናድም። ለዓመታት ጸጥ ብሎ ይቆይና በአንድ ሌሊት ብዙ ሜትር ይሄዳል። በማርች 2018 በዚያው ጠረፍ በሄምስቢ መንደር፣ በአንድ ማዕበል ምክንያት በአሸዋው ክምር ላይ የነበሩ በርካታ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ ተደርገዋል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ቤት መግዛት ሞኝነት ነውን? ኤርምያስን አስቡ። በምዕራፍ 32 እንደምናነበው የባቢሎን ጦር ኢየሩሳሌምን ከቦ ሳለ በዓናቶት እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ። ምድሪቱ በጠላት እጅ እንደምትወድቅ ያውቅ ነበር፤ ራሱ ተንብዮታል። የገዛው ግን ዋጋው ረክሶለት አይደለም፤ እግዚአብሔር ስላዘዘው ነው። ውሉም በሸክላ ዕቃ የተቀመጠው ሕዝቡ አንድ ቀን እንደሚመለስ ምልክት ሊሆን ነው። ስለዚህ እያወቁ መግዛት በራሱ ኃጢአት አይደለም። አውቆ፣ ኪሳራውን ቆጥሮ፣ ልጆቹን ለአደጋ ሳያጋልጥ ጥቂት ዓመታት ሊኖርበት የሚገዛ ሰው አለ። ባሕሩ ለእኔ ይቆምልኛል ብሎ የሚገዛም አለ። ሁለተኛው እምነት አይደለም፤ ምኞት ነው።

ወገኖቼ፣ የምትሸጡ ከሆነ ስንጥቁን በቀለም አትሸፍኑ። የምትገዙ ከሆነ፣ ጌታ በሉቃስ 14 እንዳስተማረው አስቀድማችሁ ተቀምጣችሁ ወጪውን አስሉ። ጎረቤታችሁ በገደል አፋፍ ያለ ቤት ከገዛም ምሳሌውን አንሥታችሁ አትፍረዱበት። በማቴዎስ 7 አሸዋው የአፈር ዓይነት አይደለም፤ ቃሉን ሰምቶ አለማድረግ ነው። በጽኑ ዐለት ላይ ቪላ ሠርቶ፣ ቤቱ የተናደበትን ሰው በሩ ላይ የሚያቆም ክርስቲያን በአሸዋ ላይ ሊኖር ይችላል። በገደል አፋፍ ባለች ጎጆ እየኖረ ቃሉን የሚያደርግ ደግሞ በዐለት ላይ ነው።

ጌታ ሰምተን የምናደርግ ያድርገን። አሜን።